ልጄ ለመኪናው ቀበቶ አጭር ናት፤ ምን ላድርግ?

እናት ከደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ቁመቷ 118 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 21 ኪሎ። የሕፃን ወንበሯ ከጠበባት ቆየ። አሁን ቪትዛችን ውስጥ ኋላ ተቀምጣ የትልቅ ሰው ቀበቶ ነው የምታስረው።

በየወሩ እናቴን ልንጠይቅ ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን። ባለፈው ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር። ዋሻው ጋ ሳንደርስ በጎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ምንም አልነካንም፣ ተመስገን። ልጄ ግን ጮኸች። ዘወር ስል የላይኛው ቀበቶ አንገቷን ከርክሯታል፣ የታችኛው ደግሞ ሆዷ ላይ ወጥቷል። ሮቢት ስንደርስ እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን ቀይ መስመር አይታ "ይህችን ልጅ ምን አደረጋችኋት?" አለች። ያ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የላይኛውን በብብቷ ስር አሳልፌ አስርላታለሁ። አንገቷን አይነካትም። ግን ልክ መሆኔን እጠራጠራለሁ። ትራስ ከስሯ ላድርግላት? ወይስ ጋቢና ትቀመጥ? የምታውቁ ንገሩኝ።

የደሴ መስመር ሹፌር፦

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ። ያንን መንገድ 19 ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ጉሙ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለው ቁልቁለት ደግሞ መዞሪያው አያልቅም። በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ብቻ አትመኑ።

ልጅቷን ጋቢና እንዳታስቀምጫት። ኋላ ትሁን። እኔ ለልጆቼ ጋቢ አጣጥፌ ከስራቸው አነጥፍ ነበር። ከፍ ይላሉ፣ ይሞቃቸዋልም። እሱን ሞክሪ።

ነርስ ነኝ፦

ጋሼ፣ ኋላ ትሁን ያሉት ትክክል ነው። ጋቢና ውስጥ ኤርባጉ ሲፈነዳ ራሱ ልጅን ይጎዳል። ስለ ጋቢው ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልስማማም። ጋቢም ትራስም በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፣ ይንሸራተታል። ልጅቷ በቀበቶው ስር ሾልካ ትወርዳለች።

እህቴ፣ ቀበቶ የተሠራው አጥንት እንዲይዝ ነው። የታችኛው ዳሌ አጥንት ላይ፣ ጭኗ ጋ ዝቅ ብሎ ይተኛ። የላይኛው ደረቷን አቋርጦ በአንገቷና በትከሻዋ ጫፍ መሃል ይለፍ። የ7 ዓመት ልጅ ዳሌ ገና ትንሽ ነው፣ ቀበቶውን ቆንጥጦ አያስቀርም። እግሯም ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ስለማይታጠፍላት ወደ ፊት ተንሸራታ ትቀመጣለች። ያን ጊዜ ቀበቶው ሆዷ ላይ ይወጣል። ሆድ ውስጥ ያለው አንጀት ነው፣ ጉበት ነው፣ ጣፊያ ነው። ከኋላው አከርካሪ አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ መጋጨት ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። ያን ሁሉ ኃይል ሆዷ ሲቀበለው አስቢው።

እባክሽ በብብት ስር ማሳለፉን ዛሬውኑ ተዪው። ከጀርባዋ ኋላ ማሳለፍም እንደዚያው ነው። የላይ አካሏን የሚይዝ ነገር አይኖርም፣ ጭንቅላቷ ከፊት ወንበር ጋር ይጋጫል። የጎድን አጥንቷም ይሰበራል።

የሚያስፈልጋት ከፍ የሚያደርጋት የልጅ መቀመጫ ነው፤ ቡስተር ይሉታል። እሱ እስኪገኝ ጀርባዋን ከወንበሩ አጣብቃ ትቀመጥ፣ ቀበቶውን በትክክል እሰሪላት፣ የግድ ካልሆነም ቁልቁለቱን አትውረዱ።

ሌላም አለ። የደብረ ብርሃንን ብርድ አውቀዋለሁ። ልጅን ወፍራም ጃኬት አልብሰን፣ በጋቢ ጠቅልለን ቀበቶ እናስራለን። የጠበቀ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ላላ ነው። መጀመሪያ እሰሪ፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ ደርቢላት። ከግጭት በኋላ ደግሞ ሆዷ ላይ የቀበቶ መስመር ወይም የደም መቋጠር ካየሽ፣ "ደህና ነኝ" ብትልሽም ሐኪም ቤት ውሰጃት። የሆድ ውስጥ ጉዳት ቶሎ ላይታይ ይችላል።

የደሴ መስመር ሹፌር፦

ጨዋ ልጅ ነሽ፣ ተምሬያለሁ። የልጅ ልጆች አሉኝ፣ ጋቢውን ከላይ አደርገዋለሁ።

ፎደራ ሠሪ፦

እኔ ስለ ሙያዬ ልናገር። ብዙ ሰው ያገለገለ መኪና ገዝቶ ፎደራ ሲያስለብስ የኋላው ቀበቶ መቆለፊያ ከስር ተቀብሮ ይቀራል። እየሸፈነ የሚያለብስ ሠሪም አለ፤ ይህ መታረም ያለበት ነገር ነው። ፎደራሽን ገልጠሽ እዪው። መቆለፊያው ሊወጣበት የሚችል ቀዳዳ ይከፈትለት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ቀበቶውን በድንገት ሳቢው፤ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ስትለቂው ራሱ ይሰብሰብ። ጠርዙ የተተለተለ ወይም መኪናው የተጋጨ ከሆነ ይቀየር። በአንዳንድ አሮጌ መኪና መሃለኛው ወንበር የሆድ ቀበቶ ብቻ ነው ያለው፤ ቡስተር እዚያ ላይ አይቀመጥም። ቀበቶውን በስፌት ወይም በመርፌ ቁልፍ ለማሳጠርም እንዳታስቢ።

ከስዊድን፦

ደብረ ሲና ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። እዚህ ከ135 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ልጅ የልጅ መቀመጫ በሕግ ግዴታ ነው። ትከሻንም ዳሌንም የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እዚሁ አገር ኒልስ ቦሊን ለቮልቮ የሠራው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የተለካው ግን ለትልቅ ሰው ነው። ልጅን ከፍ የሚያደርገው መቀመጫ የመጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ልጅሽ 118 ከሆነች ጀርባ ያለውን ፈልጊላት። ጀርባ የሌላቸው አዳዲሶቹ ከ125 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆኑ ነው። ጀርባ ያለው የትከሻውን ቀበቶ የሚመራ ቀለበት አለው፣ ጎኑም ስትተኛ ጭንቅላቷን ይደግፋል። ምልክቱ ላይ "አር 129" (የልጅ መቀመጫ ደህንነት ደረጃ ነው) እና "ከ100 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር" የሚል እዪ። የታችኛው ቀበቶ ከክንድ ማሳረፊያው ስር ይለፍ፣ ከላዩ አይደለም። ያገለገለ ከሆነ ታሪኩን ከምታውቂው ሰው ብቻ ውሰጂ፤ አንዴ የተጋጨ አይሆንም።

እናት ከደብረ ብርሃን፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነ፣ ላካፍላችሁ።

ፎደራውን ስገልጥ የግራው መቆለፊያ እውነትም ተቀብሮ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ በኩል ብቻ የማስቀምጣት ለዚያ ነበር ለካ። አስከፈትነው። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አገኘልኝ።

ቅዳሜ ሮቢት ወረድን። ከመነሳታችን በፊት ዳሌዋን በጣቷ ነክታ "አጥንቴ ላይ ነው?" ትለኛለች። ነው። ደብረ ሲና ቆሎ ልንገዛ ስንቆም ፈታች፣ ስንነሳ ራሷ አሰረች። በመስኮት ገደሉን እያየች ነው የወረደችው፤ ድሮ የፊቱን ወንበር ጀርባ ነበር የምታየው። እናቴ አንገቷን ገልጣ አየች፣ ምንም የለም።

አሁን ደግሞ እናቴ "ለወንድምሽ ልጅስ?" ትላለች። 5 ዓመቱ ነው፣ 106 ሴንቲ ሜትር፣ 17 ኪሎ። ያው ዓይነቱ ይሆነዋል?

ከስዊድን፦

ይሆነዋል፣ መንገዱን ሙሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከቻለ። ጎንበስ እያለ ከቀበቶው የሚወጣ ከሆነ ግን የራሱ ማሰሪያ ባለው ወንበር ትንሽ ይቆይ።