የጋራ ማመልከቻ፦ ተርሚናሉን የማይጠይቁ ፕሮግራሞቻችን

ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)፦ ረቂቁ ይኸው። ለማኅበራቱ የሠራናቸው የትዕዛዝ መስመር ፕሮግራሞች ተርሚናሉ (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ምን እንደሚችል ሳይጠይቁ ቀለም ይረጫሉ። ሪፖርቱ ወደ ፋይል ሲላክ በየስሙ ጎን የቀለሙ ኮድ፣ ቅንፍና እንደ 32 ያለ ቁጥር፣ ተለጥፎ ይወጣል። ያንን አትመን ነው ያስረከብነው። ያሳፍራል። መጠገኛ የሁለት ሰው የአንድ ወር ክፍያ እንጠይቅ።

ሸዋ ሮቢት፦ ቀለሙን ግን አትንኩ። አረንጓዴ የከፈለ፣ ቢጫ የዘገየ፣ ቀይ ያልከፈለ። ሒሳብ ሠራተኞቹ የለመዱት ይህንን ነው።

ደብረ ሲና፦ ቢጫው ነጭ ስክሪን ላይ አይታይም። በጉባኤውም ብያለሁ።

ሸዋ ሮቢት፦ ስክሪኑን ጥቁር ያድርጉት።

ደብረ ሲና፦ የሰው ስክሪን ላይ አንተ ነህ አዛዡ?

መሐል ሜዳ፦ ብርቱካናማ ይሁንና እንገላገል።

ደብረ ሲና፦ ብርቱካናማ ከ8ቱ መሠረታዊ ቀለሞች ውስጥ የለም። 256 ቀለም የማያውቅ ተርሚናል ምን ያድርገው? በሽታው ይኸው ነው እኮ!

ሸዋ ሮቢት፦ በሽታ? በነጻ የሠራሁትን? አሁን ቀለሜን የሚያጠፋ ሰው ሊከፈለው ነው?

ጸሐፊ፦ ኧረ ተረጋጉ። ማንም አያጠፋውም። ውጤቱ ወደ ፋይል ከሄደ ይቅር፣ ወደ ተርሚናል ከሆነ ይኑር ነው ያልነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ «ኖ ከለር» የሚባል ስምምነት አለ። ተጠቃሚው በዚያ ስም የሚጠራውን ቨርያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡትን ቅንብር) ከሞላ ፕሮግራሙ ቀለም አይጨምርም። ምርጫው የተጠቃሚው ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ እንዲያ ከሆነ እሺ። «በሽታ» የሚለው ግን ይነሳልኝ።

ደብረ ሲና፦ አንስቻለሁ ወንድሜ።

አንኮበር፦ ስፋቱንስ? እኔ በስልክ ነው የምገባው። ሰንጠረዡ ስክሪኑ 80 አምድ (በአንድ መስመር 80 ፊደል) አለው ብሎ ደምድሟል። ይህ ከፓንች ካርድ (መረጃ በቀዳዳ የሚያዝበት የድሮ ካርድ) ዘመን የተወረሰ ልክ ነው። ስሙ አንድ መስመር፣ ብሩ ሌላ መስመር ላይ ይወድቃል። የትኛው ዕዳ የማን እንደሆነ አይለይም። ከቢጫው ይህ አይብስም?

መሐል ሜዳ፦ የስፋቱን ክፍል እኔ እጽፋለሁ። እስከ ሰኞ።

ጸሐፊ፦ መሐል ሜዳ፣ ሰኞ አለፈ። የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ መሐል ሜዳ?

ገንዘብ ያዥ፦ የሙያ ክፍያ ማስጸደቅ ከባድ ነው። ዕቃ ይቀላል። ለየወረዳው አዲስ ስክሪን እንጠይቅ።

ሸዋ ሮቢት፦ እደግፋለሁ። ቢጫውም ይታያል።

ደብረ ሲና፦ እኛ ሁለት ያስፈልገናል።

አንኮበር፦ ስክሪን ለስልኬ ምን ያደርግልኛል?

ጸሐፊ፦ የፕሮግራሙ ጥገና በአባሪ ይግባ፤ ስፋቱም እዚያው። የስክሪን ብዛት እስከ ረቡዕ ማታ ላኩልኝ። ሐሙስ አስገባለሁ።