ከባህር ዛፍ ሥር ያለውን ቅንጬ አረም እንዴት ልቁጠረው?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ ጥናቴን ቆቦ አካባቢ፣ በገጠር መንገድ ዳር ነው የምሠራው። በባህር ዛፍና በግራቪሊያ ሥር ምን ያህል ቅንጬ አረም (ፓርቲኒየም የሚባለው ወራሪ አረም) እንዳለ መመዝገብ ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን መላው ጠፍቶኛል።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም እየጣልኩ እቆጥራለሁ። ግንዱ ሥር ያለው ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ፒስታው ስጠጋ ግን ነጫጭ አበባ ያወጣው ቅንጬ ጉልበቴ ይደርሳል። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ዛፉ ነው ወይስ መኪናና ከብት ይዘውት የሚመጡት ዘር? ዛፍ የሌለበትን መንገድ ለማነጻጸሪያ ልውሰድ ብል፣ እሱ ደግሞ በየጊዜው ይታጨዳል።

ቡቃያውም አስቸግሮኛል። ትናንት በአንድ ፍሬም ውስጥ ከ200 በላይ ቆጥሬ ደክሞኝ ተውኩት። አንዱ ተክል ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። አንድ በአንድ ልቁጠር ወይስ መሬቱን የሸፈነውን በመቶኛ ልገምት?

የእናቴ ላም ይህን አረም ስትበላ ወተቷ ይመራል። አባቴ ሲነቅለው እጁ ይቆስላል። ስለዚህ በግምት የተሞላ ቁጥር ማስረከብ አልፈልግም።

የመስክ ሥራ የምታውቁ ወንድምና እህቶቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ዝናቡ ሳያባራ መጨረስ አለብኝ።