ካንሰር ተብሎ «እንከታተለው» ይባላል ወይ?

ጠያቂ፦ አባቴ 66 ዓመቱ ነው፣ ሜሪላንድ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። ፒኤስኤ የሚሉት የፕሮስቴት የደም ምርመራው ከፍ ብሎ ባዮፕሲ ተሠራለት (ከፕሮስቴቱ ናሙና ተወስዶ ተመረመረ)፤ የፕሮስቴት ካንሰር፣ ግሊሰን 6፣ ማለትም ዝቅተኛው ደረጃ ተባለ። ዶክተሩ «አሁን አንነካውም፣ እንከታተለዋለን» አለ። ወንድሜ ደግሞ «ካንሰር ታቅፎ ይቀመጥ ነው የምትሉት? ነገውኑ ይውጣለት» እያለ ቤቱን አምሶታል። አባባ እጢ ብቻ መስሎታል፤ ሐኪሙ ጋ ያስተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

ተከራካሪ፦ ወንድምህ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንድ በዚህ በሽታ የመሞት ዕድሉ ከነጩ እጥፍ ገደማ ነው። ያኔ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ኦስቲን እንኳ በ2023 መጨረሻ በፈረንጆቹ ቀዶ ጥገናውን አደረገ እንጂ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በጊዜ ተገኝቶ ሳለ መጠበቅ ምን ይሉታል?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ኦስቲንን ካነሳህ ሙሉውን አንሳው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ኢንፌክሽን ይዞት ተመልሶ ሆስፒታል ገብቶ ሁለት ሳምንት ተኝቷል። እንግሊዝ ውስጥ የተደረገውን ፕሮቴክት የሚባል ጥናት እዩ። ካንሰሩ ከፕሮስቴት ያልወጣባቸውን 1,643 ወንዶች በዕጣ ከፍለው አንዱን ቡድን ተከታተሉ፣ አንዱን ቀደዱ፣ ለአንዱ ጨረር ሰጡ። ከ15 ዓመት በኋላ በዚሁ ካንሰር የሞተው በየቡድኑ ከመቶ ሁለት ሦስት ሰው ነው። ካንሰሩ የተሰራጨባቸው ግን በክትትሉ ቡድን ከመቶ 9 ገደማ፣ በታከሙት 5 ገደማ ነበሩ፤ ይሄም መደበቅ የለበትም። ክትትል ላይ ከነበሩት ከ10 ስድስቱ ውሎ አድሮ ታክመዋል።

ቀዶ ጥገናው የሚያስከፍለውን ደግሞ ማንም በይፋ አያወራም። ሲያስሉ፣ ሲስቁ፣ ከወንበር ሲነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ፓድ አድርጎ ቅዳሴ መቆም ከብዷቸው ቤተ ክርስቲያን የቀሩ አባቶች አይቻለሁ። ትዳር ላይ የሚያመጣውንም ታውቁታላችሁ።

ተከራካሪ፦ ጥናቱ ውስጥ የነበሩት እኮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ናቸው። በነሱ ቁጥር የኛን አባት አትመዝኝ።

ነርሷ፦ እውነትህን ነው፤ ለዚህ ነው ክትትሉ ጠበቅ ይበል የምለው። መጀመሪያ ኤምአርአይ ይነሱ፣ ባዮፕሲው የሳተው ቦታ ካለ ይታያል። ፒኤስኤው በየጊዜው ይለካ፣ ባዮፕሲውም ይደገም። ጠያቂ፣ አንተ ደግሞ በሰውየው ገላ ላይ ከኛ ጋር ከመከራከርህ በፊት ለሳቸው ንገራቸው። ሆስፒታሉ በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ ጠይቅ። ለእንዲህ ያለ ነገር ልጅ አያስተረጉምም።

ተከራካሪ፦ እሺ፣ አባባ አዲስ አበባ ሄደው ወራት ቢቀመጡስ? ማን ነው የሚከታተላቸው?

ጠያቂ፦ አዎ፣ በየዓመቱ ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

ነርሷ፦ እንግዲያው ዶክተሩ ይሄን ይወቅ። ፒኤስኤ አዲስ አበባም ይሠራል፤ ኤምአርአይና ባዮፕሲውን ከጉዞው በፊት ቀጠሮ አስይዙ። ቀጠሮ የማያከብሩ ሰው ከሆኑ ግን እኔም ከወንድምህ ጋር ነኝ፣ ይታከሙ።