የባትሪ ጥገና ማዕከል የጋራ ሐሳብ፦ በረቂቁ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ረቂቅ ደርሷችኋል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። የድሪልና የግራይንደር ባትሪ የምንጠግን አባላት በጋራ የምንሠራበት አንድ ክፍል እንዲሰጠን፣ የነጥብ ብየዳ ማሽንና የሴል መፈተሻ (ሴል የምንለው በባትሪው ውስጥ የሚደረደሩትን ትንንሽ ድንጋዮች ነው) እንዲገዛልን፣ ሴልም በማኅበሩ ስም ከውጭ እንድናስመጣ እንጠይቃለን። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ባትሪ መግዛት ለአናጢውም ለአሉሚኒየም ሠራተኛውም ከብዷል፤ ስለዚህ ሥራ አናጣም። የሚያከራክረን አንቀጽ 3 ይመስለኛል፦ «አባላት ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን ለጥገና መጠቀም ይችላሉ።»

የምናለሽ ተራ አባል፦ አንቀጽ 3 እንዳለ ይቆይ። ቁራሌው ከሚያመጣው የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሞተው አንድ ጥንድ ነው፤ የቀረው ጤነኛ ነው። ደንበኛችንም «ድንጋዩን ብቻ ቀይርልኝ» የሚል ሰው ነው። የአዲስ ሴል ዋጋ ሲነገረው ባትሪውን ይዞ ይወጣል። እንጀራችንን በወረቀት አንዝጋ።

የሳሪስ አባል፦ ወንድሜ፣ ጤነኛ መሆኑን አልክድም። ግን ጤነኛነቱ ለላፕቶፕ ነው። ሁላችሁም የምታውቋቸውን ሁለት የሳምሰንግ ሴሎች ልጥቀስ። 26ኤፍ የሚባለው በላፕቶፕ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን 2600 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። ለመሣሪያ የተሠራው 25አር ግን 2500 ነው። አቅሙን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያው ይበልጣል ብሎ ይወስዳል። የመጀመሪያው ያለማቋረጥ መስጠት የሚችለው 5 አምፔር ያህል ሲሆን ሁለተኛው 20 ይሰጣል። ግራይንደር ብረት ላይ ተጭኖ 30 አምፔር ሲጠይቅ አሥር ሴል ሁለት ሁለት እየሆነ በአምስት ተከታታይ ጥንድ በተያያዘበት ባትሪ ውስጥ 30ው በእያንዳንዱ ጥንድ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ሴል 15 ይደርሰዋል። ያን ጊዜ የላፕቶፑ ሴል ይግላል፤ ቮልቱ ይወርዳል፤ በባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ቦርድ ደኅና ከሆነ ያቋርጠዋል። ቦርድ ከሌለው ግን ፕላስቲኩ መቅለጥ ይጀምራል። ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ወደ አንተ ብቻ አይደለም፤ ባትሪው ላይ ወደሚመታው የማኅበሩ ማኅተም ነው።

የምናለሽ ተራ አባል፦ ጋሼ፣ ይኼ ለግራይንደር ነው። ለፋኖስና ለሬዲዮስ?

የሳሪስ አባል፦ ለእነርሱ ይሁን፣ እኔም እጠቀማለሁ። ረቂቁ ግን እንደዚያ አይልም።

የቴክኒክ ኮሌጅ መምህርት፦ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ ከሚለው በፊት፣ ማን በምን ፈትሾ አሳለፈው የሚለው ቢቀድም እመርጣለሁ። በረቂቁ ውስጥ ስለ ማሽን ግዢ አራት አንቀጽ አለ፤ ስለ ፍተሻ አንድ መስመር የለም። ጽሕፈት ቤቱም መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

በ18 ቮልት ባትሪ ውስጥ አምስት ተከታታይ ጥንዶች አሉ። ሲሞላ እያንዳንዱ 4.2፣ በድምሩ 21 ቮልት ይሆናል። (ላዩ ላይ 88 ወይም 128 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ርካሽ መሣሪያ ሲከፈትም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እነዚሁ አምስቱ ናቸው።) ክዳኑ እንደተነሣ አምስቱ ለየብቻ ይለኩ። አራቱ 3.9 አሳይተው አንዱ 1.2 ካሳየ፣ ብዙዎች የሚያደርጉት ያንኑ አንዱን ከውጭ በሽቦ መሙላት ነው። በእርግጥ ይነሣል፤ ቻርጀሩም ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ሴል ውስጥ የመዳቡ ቅጠል ይሟሟል፤ ሲሞላ ደግሞ ያ መዳብ ባልታሰበ ቦታ ተመልሶ ይጋገርና ውስጥ ለውስጥ ያገናኛል። ደንበኛው ማታ ቻርጀር ላይ ሰክቶ ይተኛል። ስለዚህ ከ2 ቮልት በታች የተገኘ ሴል ለፋኖስም ቢሆን አይመለስ።

ቮልቱ ብቻውን በቂ አይደለም። የውስጥ መቋቋሙም (ሴሉ ራሱ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ምን ያህል እንደሚያግድ) በአራት ሽቦ መለኪያ ይታይ። ጥሩ የመሣሪያ ሴል 20 ሚሊኦም አካባቢ ያሳያል፤ 60 እና 70 የሚያሳየው ቮልቱ ሙሉ ቢሆንም ደክሟል። የደከመ በሬ ጥማዱን ሁሉ እንደሚያዘገይ፣ አንድ እንዲህ ያለ ሴል አምስቱንም ጥንድ ይጎትታል።

የቃሊቲ አባል፦ በመምህርት ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ስለ ብየዳው ልጨምር። በሊድ ማቅለጫ በቀጥታ ሴሉ ላይ መለጠፍ በጽሑፍ ይከልከል። የማቅለጫው ጫፍ 350 ዲግሪ ሲሆን በሴሉ ውስጥ ያለው ቀጭን የፕላስቲክ መለያ 130 አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። የነጥብ ብየዳ ማሽኑ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም።

ሴሎቹን ለማያያዝ የሚበየደው ጥብጣብም ይመርመር። «ንጹሕ ኒኬል» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ኒኬል የተቀባ ብረት ነው። ቆርጦ፣ ጠርዙን ሞርዶ የጨው ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ብረት ከሆነ ዝገቱ ይታያል።

ከሁሉም በላይ ግን በፖዘቲቩ ጫፍ ላይ ስለምትደረገው ትንሽ የወረቀት መለያ ቀለበት ማንም አላነሣም። የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ ነጌቲቭ ነው፤ በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ያለው ትከሻም ጭምር። ጥብጣቡ በዚያ ላይ ሲያልፍ የሚለየው የላዩ ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ድሪል ሲንቀጠቀጥ ፕላስቲኩ ይፋቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አሮጌ ጥብጣብ በጉጠት ሲነቀልም መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያው ነው። ያለ ቀለበት የተዘጋ ባትሪ ማኅተም አይመታበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ግዢው። 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ሴል በርካሽ ቀርቦልናል የሚል አባል ነበር። በ18 በ65 ሚሊሜትር ቁመና የታወቁት አምራቾች ለዓመታት ሲሸጡ የኖሩት ትልቁ 3500 አካባቢ ነው። ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው ደኅናው ወደ 45 ግራም ሲመዝን ይኼ በጣም ይቀላል። ስለዚህ ከሚገባው ዕቃ ናሙና ተመዝኖና ተፈትሾ ነው ክፍያ የሚፈጸመው።

አንቀጽ 7 «በመንገደኛ እጅ ማስመጣት ይቻላል» ይላል። ይሰረዝ። መንገደኛ በእጅ ሻንጣው መያዝ የሚችለው ለራሱ አገልግሎት የሚሆነውን፣ እያንዳንዱ ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠ ባትሪ ነው። ባለ 18 ቮልት 5 አምፔር ሰዓቱ 90 ስለሆነ ዘመድ ለራሱ ሥራ ቢያመጣ ችግር የለበትም፤ ለሽያጭ የሚሆን አንድ ካርቶን ሴል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብቻውን የሚላክ የሊቲየም አዮን ሴል በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። በመርከብ በጅቡቲ ይምጣ፤ ሻጩም ሴሉ 38.3 የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት የሊቲየም ባትሪ ማጓጓዣ ደኅንነት ፍተሻ ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት ይላክ። ይዘገያል፤ ግን ጉምሩክ ላይ አንለማመጥም።

የምናለሽ ተራ አባል፦ እሺ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። የተጣለው ሴል የት ይሄዳል? እኔ ካልወሰድኩት ቁራሌው ይወስደዋል፤ ከቁራሌው ደግሞ ማኅተም የሌለው ሰው ይገዛዋል። ከልክለን ዞር ስንል ያው ሴል በሌላ በር ይገባል።

ጸሐፊ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ረቂቁም አላሰበበትም። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝ የወጣ ስለሆነ በደብዳቤያችን እንጥቀሰው፤ ሴሉ ከቤት ቆሻሻ ጋር ወደ ረጲ ቆሻሻ መጣያ እንዳይሄድ ርክክብ የሚፈጸምበትን ቦታ እንዲያመለክቱን እንጠይቅ። እስከዚያው ድረስ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ አሸዋ ባለበት የብረት በርሜል፣ ከሥራው ክፍል ውጭ ይቀመጣል። ማኅበሩ ለቁራሌው በኪሎ ከፍሎ ይግዛው፤ ነጻ ስጥ ካልነው አይሰጠንም።

እንግዲህ አንቀጽ 3 እንዲህ ይሁን፦ «ከሌላ ዕቃ የወጣ ሴል ለድሪል፣ ለግራይንደርና ለመሰል መሣሪያ አይውልም። ከ2 ቮልት በላይ የተገኘና በማዕከሉ ተፈትሾ ያለፈ ከሆነ ለመብራትና ለሬዲዮ ይውላል። በእያንዳንዱ የተጠገነ ባትሪ ላይ የሴሉ ዓይነት፣ የተለካው አቅም፣ ቀኑና የጠጋኙ መለያ ይለጠፋል።»

የምናለሽ ተራ አባል፦ «ከሌላ ዕቃ የወጣ» የሚለው ከተሰበረ ድሪል የወጣውንም ይከለክላል። እርሱ የመሣሪያ ሴል ነው።

የሳሪስ አባል፦ ልክ ነው፤ ፍተሻውን ካለፈ ይፈቀድ። «ከመሣሪያ ባትሪ ውጭ ከሆነ ዕቃ የወጣ» በሉት።

ጸሐፊ፦ ተስተካክሏል። ገንዘብ ያዥ፣ የመፈተሻውና የብየዳ ማሽኑ ፕሮፎርማ ከሦስት ሻጭ እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ። መምህርት፣ የፍተሻ ቅጹን አንድ ገጽ አድርገሽ ብትልኪልኝ ከደብዳቤው ጋር አያይዘዋለሁ።