«አዲስ ፖምፓ አይዋሽም» ያሉት ሰው ይመልሱ

ባለ ኢሱዙ፦
ቅዳሜ ለገሃር አካባቢ በተደረገው የተሽከርካሪ ባለንብረቶች ስብሰባ አንድ የመለዋወጫ አስመጪ ስለ ናፍጣ ፖምፓ፣ ማለትም ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ ስለሚልከው ክፍል፣ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ «የከተማችን ጥቁር ጭስ የታደሰ ፖምፓ ጭስ ነው። አዲስ ፖምፓ አይዋሽም። የታደሰ የገጠመ መኪና ቦሎ ሊያገኝ አይገባም።» አዳራሹ አጨበጨበ። የእኔ ንዴት እስካሁን አልበረደም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ፖምፓ የት እንደደረሰ ከአስመጪ በላይ የሚያውቅ የለም። በአንድ መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው ፖምፓው በደከመ ቁጥር አዲስ ግዛ ማለት መኪናህን አቁም ማለት ነው። ደግሞስ ጭሱ የፖምፓ መሆኑን ማን መረመረ? የአየር ማጣሪያው የተደፈነ፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል የሚያንጠባጥብ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ የደከመ መኪና ሁሉ ጥቁር ያጨሳል።

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ማስረጃ አይሆንም። ሰውየው ያሉት እውነት ነው። ናፍጣውን በሚገፋው ፕለንጀር (ዘንግ) እና በማቀፊያው መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ሦስት ማይክሮን ነው፤ የሰው ጠጉር ሰባ ማይክሮን ገደማ ይወፍራል። ይህ አንዴ ከተበላ በምን ይመለሳል? ተክለሃይማኖት ዙሪያ «እድሳት» የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ፖምፓው ይፈታል፣ በናፍጣ ይታጠባል፣ ላስቲኮቹ ይቀየራሉ፣ ብርማ ቀለም ይቀባል። ባለመኪናው የሚከፍለው ለቀለሙ ነው። አዲሱ ግን ከፋብሪካ ተለክቶ ታሽጎ ይመጣል። አዲስ ፖምፓ አይዋሽም፤ እኔም እደግመዋለሁ።

ጋሽ ፖምፓ፦
ልጄ፣ በዚህ ሥራ ሸምግያለሁና ስድብህን በትዕግሥት አልፌ ሥራውን ላስረዳህ። ላስቲክ ቀይሮ ቀለም መቀባት እድሳት አይባልም፤ እንዲህ የሚያደርገውን ከአንተ በፊት እኔ እከስሰዋለሁ። እድሳት ማለት ጭንቅላቱ (ናፍጣው ግፊት አግኝቶ ለየመስመሩ የሚታደልበት ክፍል) ከተበላ ጭንቅላቱን ከነሮተሩ በአዲስ መለወጥ፣ ፕለንጀሩን የሚያንቀሳቅሱትን ካምና ሮለሮች ማየት፣ ውስጥ ያለችውን መጋቢ ፖምፓ መመርመር፣ ከዚያ መፈተሻ ማሽን ላይ ማውጣት ነው። ተለይቶ የተዘጋጀው የመለኪያ ዘይት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይሞቃል። በሚኒሞ (በዝቅተኛ) ዙር፣ በሙሉ ጭነት፣ ዙሩን የሚቆጣጠረው ጎቨርነር ናፍጣውን በሚቆርጥበት ዙር፣ በየሺህ ምቱ ስንት ሲሲ እንደሚተፋ ይለካል። በየኖዝሉ መስመር የሚወጣው መጠን እርስ በርሱ ካልተቀራረበ ሥራው አላለቀም። የተበላ ጭንቅላት ያለው መኪና ደግሞ ራሱ ይናገራል፦ ጠዋት ቀዝቅዞ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ቀን ሲግል ካጠፋኸው እምቢ ይላል። ናፍጣው ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በተበላው ክፍተት ይሾልካል፣ ግፊት አይሠራም። ሹፌሮች ፖምፓው ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሰው የሚያስነሡት ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ፖምፓ በላስቲክ «አደስኩ» ያለ ሰው ዋሽቷል። የዋሸው ግን ሰውየው ነው፤ የታደሰ ሁሉ ይዋሻል ማለት አይደለም።

ሄለን ዘልደታ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «አይዋሽም» የምትለዋ ቃል እኔንም አላስተኛችኝም። የናፍጣ ሚኒባስ አለኝ። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ማኅተሙ ያልተነካ አዲስ ፖምፓ ገዝቼ አስገጠምኩ። ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስወጣ ከኋላዬ ያለው መኪና በጭሴ ተሸፈነ። ሻጩ ጋ ስመለስ «አዲስ ነው፣ የመካኒክሽ ጥፋት ነው» ተባልኩ። ታዲያ ያኔ ማን ነበር የዋሸው?

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
እህቴ፣ ታይሚንጉን (ናፍጣው የሚረጭበትን ሰዓት) ያለቦታው አስረውልሽ ይሆናል። ፖምፓ ሲገጠም ምልክቱ በጥቂቱ ቢሳት መኪናው ያጨሳል። ካርቶን የሚመስል ካርቶን የሚያሳትም አስመሳይ እቃም ገበያው ውስጥ አለ፤ ከታመነ ሱቅ ካልገዛሽ የገዛሽው አዲስ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?

ሄለን ዘልደታ፦
እንግዲያውስ በአፍህ ተናገርከው። አዲሱም ካርቶን ለብሶ ሊዋሽ ይችላል ማለት ነው። አስመጪው ቅዳሜ ይህንን ለምን አልተናገሩም?

ጋሽ ፖምፓ፦
ልጄ ሄለን፣ ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሳሳ ነው። ፖምፓው ለቆላ አገር ተለክቶ ከመጣ፣ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለውና ሞተሩም ተርቦ ከሌለው፣ ናፍጣው ከአየሩ ይበልጥና ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካው አልዋሸም፣ ለሌላ አገር የተነገረ እውነት ነው ያመጡልሽ። እዚህ ማሽን ላይ አውጥቶ የሙሉ ጭነቱን መጠን መቀነስ ያስፈልግ ነበር። አዲስ የገዛ ሰው ግን «አዲስ ነው» ብሎ ሳያስለካ ይገጥመዋል።

የጅቡቲ መስመር ነጂ፦
ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ለአዲስ አበባ ብላችሁ ናፍጣ ትቀንሱና እኛ ወደ ሚሌና ሰመራ፣ ከዚያም እስከ ባሕሩ እንወርዳለን። ጭነን ስንመለስ ከአዋሽ ወደ አዳማ ሽቅቡ ላይ መኪናው ይሞታል። ከዚያ በየመንገዱ ያለ ሰው ቁልፍ ይዞ የፖምፓውን ብሎን ይነካካል፤ ማኅተሙ ይቆረጣል፤ እውነተኛው ጭስ የሚጀምረው ያኔ ነው። ለዚህ ነው እኔ የፋብሪካውን ልክ አትንኩብኝ የምለው። በዚህ በኩል ከሶማሌ ተራው ነጋዴ ጋር ነኝ።

ጋሽ ፖምፓ፦
ያንተ ሞተር ተርቦ ካለው ፖምፓው ላይ የአየር ግፊቱን አይቶ ናፍጣ የሚጨምርና የሚቀንስ ክፍል አለ። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሲቀደድ መኪናው ይደክማል። ሰው ያንን እንደመቀየር ብሎኑን ያጠብቃል። መፍትሔው ሽፋኑን መለወጥ ነው እንጂ ሙሉ ፖምፓ መግዛት አይደለም።

ባለ ኢሱዙ፦
የጅቡቲው ወንድሜ፣ ከነጋዴው ጋር ስትቆም ዋጋውን ማን እንደሚከፍል አስብ። መኪናው የአሠሪህ ነው።

የጅቡቲ መስመር ነጂ፦
መኪናው የአሠሪዬ ነው፤ ጋላፊ ድንበር ላይ ቆሞ ሲያድር ግን ፀሐዩ ላይ የምውለው እኔ ነኝ። የአሠሪዬን ኪስ ለእኔ አታስተምረኝ።

ኮመን ሬል ሠራተኛ፦
እናንተ ገና በድሮው ፖምፓ ላይ ናችሁ። የጀርመኑ ቦሽ በ1927 (እ.ኤ.አ.) በብዛት ማምረት የጀመረው የረድፍ ፖምፓ (ለየሲሊንደሩ የራሱ ፕለንጀር ያለው) እና ከእሱ በኋላ የመጣው አዟሪ ፖምፓ (በአንድ ጭንቅላት ለሁሉም የሚያድለው) ናፍጣውን ራሳቸው ይለካሉ፤ ስለዚህ ጭሱን በእነሱ ማመካኘት ይቻላል። ኮመን ሬል በሚባለው አዲሱ ሥርዓት ግን ፖምፓው ግፊት ብቻ ነው የሚሠራው፣ በአንዳንዱ እስከ 2,000 ባር። መጠኑንና ሰዓቱን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፣ የሚረጨው ኢንጀክተሩ ነው። የዚህ ዓይነት መኪና ሲያጨስ አዲስ ፖምፓ የሚያስገዛ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚያቃጥለው። ይህ ፖምፓ ሲሰበር ደግሞ የብረት ብናኙን በየቧንቧው ይበትነዋል። ታንከሩ ሳይታጠብ፣ ቧንቧውና ኢንጀክተሮቹ ሳይታዩ አዲስ ፖምፓ ብትገጥሙ እሱም ይከተላል። በዚህ ዓይነቱ ላይ የታደሰ አልመክርም፤ በቂ ማሽን ያለው ቤት ጥቂት ነው።

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
ይኸው፣ ከእናንተው ወገን አንዱ አዲስ ግዙ አለ።

ኮመን ሬል ሠራተኛ፦
ከማንም ወገን አይደለሁም። የተናገርኩትን ግማሹን አትቁረጥ። ያለምክንያት ፖምፓ አታስገዟቸው ብያለሁ።

ባለ ኢሱዙ፦
ናፍጣውን ደግሞ ማንም አላነሣም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ወይም ውኃ የገባበት ናፍጣ ስንሞላ አዲሱም የታደሰውም እኩል ይሞታሉ። አዟሪው ፖምፓ ሌላ ቅባት የለውም፤ የሚያልሰልሰው የሚያሳልፈው ናፍጣ ራሱ ነው። ቦሎ ይከልከል ያሉት ሰው ስለማደያው አንድ ቃል ለምን አልተናገሩም? ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌ መኪኖች እየጠገንን ነው የምንኖረው። ጥገናን ወንጀል የሚያደርግ ሐሳብ የማንን ሱቅ እንደሚሞላ ግልጽ ነው።

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
ሱቅ ሱቅ አትበል፤ እኔም ልጆች አሳድጋለሁ። ልደታና ተክለሃይማኖት አካባቢ ጭሱን የሚተነፍሱት የእኔም ልጆች ናቸው። ጋሽ ፖምፓ የሚሉት ዓይነት እድሳት በሁሉም ቤት ቢኖር ኖሮ እኔ አልከራከርም ነበር። ባለመኪናው ግን የጋሼን ቤት ከቀለም ቀቢው ቤት በምን ይለየዋል?

ጋሽ ፖምፓ፦
በመለኪያ ወረቀቱ። በየዙሩ የተተፋው መጠን ከፋብሪካው ልክ አጠገብ ተጽፎ፣ ከነፖምፓው ቁጥር፣ ተፈርሞ ይሰጠው። ቦሎ የሚሰጠው ክፍልም አዲስ ወይም የታደሰ ብሎ አይጠይቅ፤ ጭሱን በማሽን ይለካ፣ ያለፈው ይለፍ፣ የወደቀው ይውደቅ። የወደቀው ወረቀቱን ይዞ ወደሠራለት ቤት ይመለስ።

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
ወረቀት ማንም ይጽፋል። መፈተሻ ማሽኑስ ራሱ ትክክል መሆኑን ማን ለክቶታል? ዓመታት ያልታየ ማሽን ላይ የወጣ ቁጥር ከቀለሙ በምን ይሻላል?

ጋሽ ፖምፓ፦
ይህን መጠየቅህ ተገቢ ነው። ማሽንም ይመረመራል፣ ኖዝሎቹና የመለኪያ ዘይቱም በጊዜያቸው ይቀየራሉ። የእኔን መጥተህ እይ። ከሱቅህ አንድ አዲስ ፖምፓ ይዘህ ና፤ እኔ ካደስኩት ጎን እናውጣውና ሁለቱንም በፊትህ እንለካ።

ሄለን ዘልደታ፦
የእኔንም አዲስ ፖምፓ ይዤ ልምጣ ጋሼ? ሻጩ እስካሁን አልመለሰልኝም፣ ዋስትናም አልሰጠኝም።

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
ለመፈተን ብዬ የሱቅ ማኅተም አልቆርጥም። የተከፈተ ካርቶን ማን ይገዛኛል?

ባለ ኢሱዙ፦
የማይዋሽ ከሆነ መለካቱን ለምን ፈራኸው?

የሶማሌ ተራ ነጋዴ፦
አልፈራሁም። ኪሳራውን አንተ የምትከፍል ከሆነ ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።

የጅቡቲ መስመር ነጂ፦
ባለ ኢሱዙ፣ ስለአሠሪዬ የተናገርከውን ግን ገና መልሰህ አልወሰድከውም።