ልጄ የአእምሮ ሕክምና ተኝቷል፤ ምን ልበለው?

ሰላም ለናንተ። ከቢቸና ነኝ። የ16 ዓመት ልጄ አዲስ አበባ የአእምሮ ሆስፒታል ከተኛ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቶ ነበር። ኋላ ላይ ሬዲዮው ስሙን እየጠራ እንደሚሰድበው ነገረኝ። ያኔ ነው ዓባይን ተሻግረን የመጣነው።

የመጀመሪያው ቀን ዘበኛው ፌስታሌን ፈተሸ። ዳቦ ቆሎውን አሳለፈልኝ፣ የሹራቡን ማሰሪያ ገመድ ግን መዝዞ አስቀረው። ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ መድኃኒት ጀመሩለት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ተጣሞ ቀረ። ጮህኩ። ነርሷ መርፌ ወጋችውና ተለቀቀለት። መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። ታዲያ ቀድሞ የነገረን የለም! አሁን ኪኒን ሲያይ አፉን ይገጥማል።

ስሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «ጥለሽኝ ሄድሽ» ነው የሚለኝ። ትናንት ልወጣ ስል ግን «ላሚቱ ወለደች?» አለኝ። አዎ አልኩት። ገና ናት። ለምን እንደዋሸሁት እንጃ።

ልጅ አስተኝታችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ስለሚሰማው ድምፅ ልጠይቀው ወይስ ልተወው? ቤት ሲገባ ኪኒኑን በምን ዘዴ ላስውጠው? አባቱ ጸበል እንውሰደው ይላል። እኔም ጸበሉን አልጠላም፤ መድኃኒቱን እንዳያስቆሙት ነው የምፈራው። ሁለቱን አብራችሁ ያስኬዳችሁ አላችሁ? ለጎረቤት ታይፎይድ ነው ብለናል፣ ለትምህርት ቤቱ ግን ምን ይባላል?

ማክሰኞ ሐኪሙ ያነጋግረኛል። ምን ምን ልጠይቀው?