ሁለት ኤሌክትሮን እንቅልፍ ነሱኝ

ሰላም ወገኖች። ኳንተም ሜካኒክስ የሚገባው ሰው ካለ እባካችሁ።

የማስተርስ ጥናቴ ኳንተም ዶት (ኤሌክትሮኖች የሚታሰሩበት እጅግ ትንሽ ወጥመድ) ላይ ነው። ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ፣ በሁለት ዳይሜንሽን፣ ጎድጓዳ ሳህን በመሰለ የሃርሞኒክ ፖቴንሻል ውስጥ። ቀላል መስሎኝ ነበር የገባሁበት።

ኦሜጋ (የሳህኑ ጥበት መለኪያ) 1 ሲሆን ትክክለኛው ኢነርጂ በአቶሚክ ዩኒት 3 ነው፤ ታውት የተባለ ተመራማሪ በቀመር አሳይቶታል። ኤሌክትሮኖቹ ባይገፋፉ 2 ይሆን ነበር። የኔ ሃርትሪ-ፎክ ኮድ (አንዱ ኤሌክትሮን የሌላውን አማካይ ግፊት ብቻ የሚያይበት ስሌት) 3.162 አካባቢ ይደርስና ንቅንቅ አይልም። ይሄስ ይገባኛል፣ የጎደለው ኮሪሌሽን ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ አንዱ ሌላውን እያየ የሚሸሽበት ነገር።

ጉዱ የመጣው ኦሜጋን ወደ 1/6 ሳወርደው ነው። ስፒናቸው ተቃራኒ የሆነው ሁለቱ ኤሌክትሮኖች የየራሳቸው ኦርቢታል (የአንድ ኤሌክትሮን ዌቭ ፈንክሽን) እንዲኖራቸው ፈቀድኩ። ኢነርጂው ወረደ፣ ደስ አለኝ። ስፒኑን ባየው ግን ሲንግሌት (ጠቅላላ ስፒኑ ዜሮ) መሆን የነበረበት ነገር ኤስ-ስኩዌሩ (የጠቅላላ ስፒን መለኪያው) ዜሮ አይደለም! አንዱ ኤሌክትሮን ግራ፣ አንዱ ቀኝ ተቀምጧል፤ የተኳረፉ ጎረቤቶች ይመስላሉ። ክብ ፖቴንሻል ደግሞ ግራና ቀኝ የለውም።

ስፒን ፕሮጀክሽን (የተበላሸውን ስፒን አጥርቶ ማውጣት) ልሥራ ወይስ በቀጥታ ፉል ሲአይ (የኤሌክትሮኖቹን አቀማመጦች ሁሉ የሚደምር ስሌት) ልግባ? ሲአዩን በኦሜጋ 1 ሞክሬዋለሁ። ወደ 3 ይጠጋል፣ ግን በኤሊ ፍጥነት። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ሲገናኙ ዌቭ ፈንክሽኑ ሹል ይሆናል፣ የኔ ቤዝስ (ዌቭ ፈንክሽኑን የምገነባባቸው ፈንክሽኖች) ደግሞ ለስላሳ ነው። ጃስትሮው ፋክተር (በኤሌክትሮኖቹ መካከል ባለው ርቀት ላይ የተመሠረተ ማባዣ) ያዋጣኛል?

ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ማታ መብራት ድርግም ሲል የሌሊቱ ስሌት አብሮ ይሄዳል። ባትሪው እንደሆነ ሞቷል። አማካሪዬ «አንብብ» ብቻ ነው የሚሉኝ።

ኮዱ በፓይተን ነው፤ ለሚያይልኝ እልካለሁ።